የእማሆይ ቃል

«ጻፊ» ይሉኛል አያ ዳኜ፣ እጽፋለሁ። «ከጧት ጀምሮ ከዚህ ሜዳ ማንም አልወጣም። እስካሁን የተጠቆመም የለም።»

አውጫጭ እንዲህ ነው። ጥፋተኛው እስኪታወቅ አገሩ በሙሉ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ላም ሳትታለብ ትውላለች፣ ሕፃን በረሃብ ያለቅሳል፣ ንቅንቅ የለም። ሽማግሌው አያ ዳኜ ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርገው የመረጡኝ እጅ ጽሑፏ ያምራል ብለው ነው።

የሚፈለገው ሰው እኔ ነኝ።

ምንም አይሰማኝም፣ እውነቴን ነው። ጥርሴን የተነቀልኩ ቀን መንጋጋዬ እንዲህ ደንዝዞ ነበር፤ ዛሬ ሁለመናዬ እንደዚያ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ አፈወርቅ ከአዲስ አበባ የመጣለትን ወረቀት ያራግባል። ኢንተርኔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው። የቤት ክዳን ሳር የምናጭድበት የጋራ መሬታችን ጓሳ እንዲያገግም ከተዘጋ አራት ዓመቱ ነው፤ እኛ አንዲት ጭብጥ ሳር ሳንነካ ሃያ አህያ ጭነት ታጭዶ ለአንድ ሎጅ ጣሪያ ተሸጠ ይላል። የማንንም ስም አልጠራሁም። አፈወርቅ ግን ራሱን አወቀ።

«ወረዳው ተቆጥቷል!» ይላል። «ይህን የጻፈው ካልተገኘ ጓሳ ዘንድሮም አይከፈትም!»

ሕዝቡ ያጉረመርማል። የተጻፈው እውነት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ጣሪያው የማያፈስበትም የለም። ምን ያድርጉ?

ብሎግ መጻፍ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። በገበያ ቀን ከእናቴ ጋር መሐል ሜዳ ከተማ እወርዳለሁ፤ እሷ እንቁላሏን ሸጣ እስክትጨርስ እኔ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ጽሑፌን እለቃለሁ። መጀመሪያ የሚያነበኝ አልነበረም። ቀጥሎ አንድ ጋዜጣ አንዱን ወሰደ፣ ሌላው ሁለተኛውን። በዚህ ሳምንት ደግሞ የአንድ መጽሔት አርታኢ ሜሴጅ ላከልኝ፤ ከመጪው ወር ጀምሮ የራሴ ዓምድ ይኖረኛል። «ማንነትሽ እንዳይታወቅ ብቻ» ይላል መጨረሻው። «ከታወቀ እኛም አንችለውም።»

የብዕር ስም ስፈልግ የክርስትና ስሜን ወሰድኩ። ትሕትና በሚለው ስሜ አገሩ ሁሉ ያውቀኛል። አመተሥላሴን የሚያውቁት ግን እናቴ፣ የንስሐ አባታችንና የክርስትና እናቴ ብቻ ናቸው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ! የክርስትና እናቴ ያኔ ገዳም ነበሩ። አምና ቆብ ደፍተው ሲመለሱ ስማቸው እማሆይ አመተሥላሴ ሆኗል። እኔ በዚያ ስም አንባቢ አፍርቼ ነበር። እንዴት ልቀይረው? በዚያው ቀጠልኩ።

«አመተሥላሴ የሚባል በዚህ አገር ማን አለ?» ይላል አፈወርቅ።

ከሴቶቹ መሐል እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ታየኛለች። እኔ ወረቀቴን አያለሁ።

እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይነሳሉ። «እኔ ነኝ።»

«ኧረ በሥላሴ!» ይላሉ አያ ዳኜ። «እማሆይ፣ እርስዎ ፊደል መች ቆጠሩና?»

«አፍ አለኝ። እኔ ተናገርኩ፣ መንገደኛ ተማሪ ጻፈልኝ።»

«ማን የሚሉት ተማሪ?»

«ስሙን አልጠየቅሁትም።»

እማሆይ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ወደ እኔ አያዩም፣ አንዴም።

አያ ዳኜ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ይንሾካሾኩና ይመለሳሉ። «እንግዲህ ሕጉ ሕግ ነው። ጓሳ ሲከፈት እማሆይ የሳር ድርሻ የላቸውም። ነገ ደግሞ ወረዳ ይቀርባሉ።»

ጎጆአቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ናት። ባለፈው ክረምት ከራስጌያቸው ድስት ደቅነው ነው ያደሩት። ተነሺ፣ እላለሁ ለራሴ። ተነሺ እንጂ አንቺ! እግሬ አይሰማኝም። ስለ ዓምዱ አስባለሁ፤ ወይ ጉድ፣ በዚህ ሰዓት ስለ ዓምዱ!

«ቃልዎን ይስጡ» ይላል አፈወርቅ። የማንም ቃል ቢሆን ግድ ያለው አይመስልም።

«ያው እንግዲህ...» ይላሉ እማሆይ። «ሳሩ የሁላችን ነው... አህዮቹ ሲሄዱ አየሁ፣ ብዙ ነበሩ... የኔዋ ጎጆ ደግሞ... እስቲ ምን ልበል? አንቺው አስተካክለሽ ጻፊው፣ ልጄ።»

አስተካክዬ እጽፋለሁ። አንድ ቃል እሰርዛለሁ፣ አንዱን ወደፊት አመጣለሁ። እጄ ሥራውን ያውቃል፤ እኔን አይጠይቀኝም።

«አንብቢው» ይሉኛል አያ ዳኜ።

«አህዮቹ በደጄ ሲያልፉ ቆጠርኳቸው፤ ሃያ ነበሩ» እያልኩ አነባለሁ። «አራት ዓመት ሙሉ ያልነካነውን ሳር ተሸክመው ሄዱ። የኔ ጎጆ ታፈሳለች። የሎጁ ጣሪያ አያፈስም።»

እማሆይ ያዳምጣሉ፣ የሌላ ሰው ነገር እንደሚሰማ ሰው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው።

አያ ዳኜ የአፈወርቅን ወረቀት ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ያዩታል። ጧት ለሕዝቡ ጮክ ብለው ያነበቡት እሳቸው ናቸው። «እኔስ ለማመን ተቸግሬ ነበር» ይላሉ በመጨረሻ። «እሳቸው ናቸው። አነጋገሩ አንድ ነው፣ ቁርጥ!»

ሰዉ ሁሉ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። አንዳንዱ ሊሄድ ልብሱን እያራገፈ ይነሳል። እናቴ ፊቷን ሸፍናለች።

አፈወርቅ የማኅተሙን ቀለም ያቀብለኛል። እማሆይ አውራ ጣታቸውን ይዘረጉልኛል። ጣታቸው ይሞቃል። ቀለሙን አስነክቼ ከጻፍኩት ሥር እጫነዋለሁ፤ እንዳይደበዝዝ ደግሞ ትንሽ ጠበቅ አደርገዋለሁ።