ናፖሊ የተነሱት ልጆች

አብዱልሐሚድ መርከበኛ ሆኖ ዓለምን ሲዞር ሰው ፎቶ አንስቶ አያውቅም። የሚያነሳው ሕንፃ ብቻ ነበር፤ ካይሮ ላይ መስጊድ፣ ኢስታንቡል ላይ ጉልላት፣ ናፖሊ ላይ ባሕር ዳር የቆመ የድንጋይ ምሽግ። ጓደኞቹ ወደብ በደረሱ ቁጥር ወደ መሸታ ቤት ሲሮጡ እሱ ማለዳ ተነስቶ አደባባዩ ባዶ እስኪሆን ይጠብቃል። "ሰው ከገባበት ሕንፃው ያንሳል" ይላል። ሲስቁበት ኖሩ።

እርጅና ሲመጣ ደሴ ተመልሶ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ፎቶ ቤት ከፈተ። ኔጌቲቮቹን በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ መደርደሪያ ላይ ሰቀላቸው። እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ ለማንም አልጠቀሙም።

በዚያ ዓመት ወጣት ልጅ ያላት እናት እህል አይወርድላትም ነበር። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ የስም ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። የተወሰደ አይመለስም፤ ከተመለሰም መንገድ ዳር ተጥሎ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ጣይባ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ገባች።

"ጋሼ አብዱልሐሚድ፣ በሺርን ቦሩ ሜዳ አጎቱ ዘንድ ደብቄዋለሁ። ለቀበሌው በመርከብ ሥራ ወጥቷል አልኳቸው። ማስረጃ አምጪ አሉኝ። ያረቢ፣ ምኑን ላምጣ?"

"አብሽሪ፣ አይዞሽ" አላት፤ ቆርቆሮውን አወረደ።

በሺር በገበያ ቀን ከገበሬዎች ጋር ተቀላቅሎ መጣ። አብዱልሐሚድ የፎቶ ቤቱን ግራጫ ኮት አለበሰውና መስኮቱ አጠገብ አቁሞ አነሳው። ምስሉን በምላጭ ቆርጦ ናፖሊ ምሽግ ፊት ለጠፈው፤ ጠርዙን በብሩሽ አለሳልሶ እንደገና አነሳው። ፎቶው ቀበሌ ደረሰ። የበሺርም ስም ተሰረዘ።

ከሁለት ወር በኋላ መዲና የምትባል እናት ስለ ልጇ ስለ ጀላል እያለቀሰች መጣች። አብዱልሐሚድ ሌላ አገር ሊሰጠው ፈልጎ ነበር። ግን የፎቶ ቤቱ መስኮት በግራ በኩል ነው፤ ከሕንፃዎቹ ሁሉ ብርሃኑ በግራ የመጣበት ናፖሊ ብቻ ሆነ። ሰውየውና ሕንፃው ጥላቸው ካልተስማማ ደግሞ ሕፃን ልጅም ይነቃበታል። ጀላልንም እዚያው ምሽግ ፊት ለጠፈው።

ናፖሊ አንድ እንከን ነበረባት። ምሽጉን ባነሳበት ቀን መርከቡ እየጠራው ስለ ነበር አደባባዩ ባዶ እስኪሆን አልጠበቀም። ጥግ ላይ አንድ ውሻ ምሰሶ ሥር እግሩን አንስቷል። "ጤፍ የምታክል ነገር ናት፤ ማን ያያታል?" ብሎ ተወው።

በላቸው አያት።

በላቸው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነው። ማክሰኞ ቀትር ላይ መጣ። ከበላይ አዲስ ዝርዝር ከወረደ ወዲህ እንቅልፍ የለውም ይባላል፤ ጢሙንም አልተላጨም። ጠባቂውን ውጭ አቁሞ በሩን ከውስጥ ቀረቀረ። ሁለቱን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

"በሺር ናፖሊ የነበረው መጋቢት ላይ ነው። ጀላል ደግሞ ግንቦት ላይ። ጋሼ፣ ይህ ውሻ ሁለት ወር ሙሉ እግሩን እንዳነሳ ቆመ?"

በላቸው ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ እያለ የሚያመናጭቅ ሰው ነው። ዛሬ ጋሼ ማለቱ አብዱልሐሚድን ከስድቡ ይበልጥ አስፈራው።

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ምኑ?"

"ይህን መሥራት። ጊዜ የለኝም።"

"ሁለት ቀን" አለ አብዱልሐሚድ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ማመኑ የገባው። በሺርንና ጀላልን በገዛ ምላሱ አሳልፎ የሰጠ መሰለው።

"ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?"

"ከእናቶቹ በቀር ማንም የለም። ወላሂ ማንም። እኔን ውሰደኝ፣ ልጆቹን ተዋቸው።"

በላቸው ፎቶዎቹን ኪሱ ከተተ።

"ካሜራውን ይያዙ። ኮቱንም። ቆርቆሮውንም እንዳለ።"

ማስረጃ እየሰበሰበ ነው ማለት ነው። አብዱልሐሚድ ሰበሰበለት።

ላንድሮቨሩን በላቸው ራሱ ነዳ። ጠባቂውን ፎቶ ቤቱ በር ላይ ትቶት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ያዘ። አብዱልሐሚድ ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ ገደሉንም ያውቀዋል። ጠባቂ ያልተከተለው ምስክር እንዳይኖር ነው ብሎ አሰበ። በልቡ ሸሃዳውን ይደጋግም ጀመር።

ከአንዱ ጠመዝማዛ በታች ወታደር የጫኑ መኪኖች ሽቅብ ሲመጡ ታዩ። በላቸው መኪናውን ወደ ዳር አወጣ።

"ጎንበስ ይበሉ።"

አብዱልሐሚድ ጎንበስ አለ። ማጅራቱ ላይ ጥይቱን ጠበቀ። መኪኖቹ እያጓሩ አለፉ፤ ላንድሮቨሩም እንደገና ተነሳ። ሽማግሌው ሱሪው እንደረጠበ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ አጥሩ በቆርቆሮ የተከለለ ቤት ደረሱ። ዓይኗ ያበጠ ሴት በሩን ከፈተችና ገለል አለች። በላቸው ሽማግሌውን ክንዱን ይዞ ወደ ጓዳ አስገባው። ጨለማው ውስጥ አንድ ወጣት ሳጥን ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

"በሺርን ያዙት!" አለ አብዱልሐሚድ በልቡ።

በላቸው በሩን ቆለፈ። ወጣቱ ቀና አለ፤ በሺር አይደለም፤ ጀላልም አይደለም።

"ልጄ ነው" አለ በላቸው። "ለእሱም አንድ አገር ይፈልጉለት።"