ዘጠኝ ጊዜ «እጅሽ ይባረክ»

ለሰዓሊያን ማኅበር አባላት በሙሉ በታላቅ አክብሮት ተነገረ፦ ሰዓሊት ትርሲት ዛሬ ጠዋት በእናቷ ሳሎን ምስማር መታች። የሚሰቀለው ዓምና የሞተው የወንድሟ የምንያህል ሥዕል ነው። ምንያህል ፎቶ መነሳት አይወድም ነበርና ከትዝታዋ ነው የሳለችው።

አስከፊ ቃል በስልክ እንዳያልፍ ከታገደ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ነቀፌታ ሁሉ መንገድ ላይ ወደ ምስጋና ይለወጣል። ትርሲት ሥዕሉን በማኅበሩ ገጽ የለጠፈች ዕለት፣ ጂንካ ለሚኖረው ሰዓሊ፣ ለወንድሟ አብሮ አደግ ለደምሰው ለብቻው ጻፈችለት፤ «ደምስ በሞቴ፣ አፍንጫው እሱን ይመስላል?»

«እጅሽ ይባረክ!» የሚል መልስ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ያው ተደገመ። እስኪመሽ ዘጠኝ ጊዜ መጣ። ከልቡ ያደነቀ ሰው አንዴ ብሎ ይተዋል፤ ይህ ለትርሲትም ገብቷት ነበር። ግን ምስጋና ይጣፍጣል፤ ብሩሿን አጥባ አስቀመጠች።

ዛሬ በሙት ዓመቱ ጎረቤቶች ሥዕሉን ከበው፣ «ቁርጥ ምንያህልን! ሊናገር ምንም አልቀረው!» አሉ። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉና ብዙ አዩት። ከዚያ የትርሲትን እጅ ያዝ አደረጉ።

«ያምራል ልጄ» አሉ። «እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው? የምንያህልንስ መቼ ታመጪልኛለሽ?»