አልተነሣም፣ እማ

ወይዘሮ ይርገዱ ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ አዘዞ ካለው ቤታቸው የመኝታ ክፍል ወጥተው አያውቁም። ስኳር ስላለባቸው ልጃቸው ኢዮስያስ ነው እንዲህ ይሁን ብሎ የለመናቸው። ምግቡን ደጃፋቸው ላይ ያስቀምጣል፤ ኮቴው ሲርቅ ከፍተው ያነሱታል።

ሰሞኑን ወሬው ተምታታ። ሬዲዮው ክልከላው ላላ ይላል፤ ሞንታርቦ የጫነችው መኪና ደግሞ ከቤት አትውጡ እያለች ታልፋለች። ይርገዱ የሚያምኑት ልጃቸውን ብቻ ነበር። ማለዳ ማለዳ በዝግ በር ይጠይቁታል።

«ኢዮስያሴ፣ ክልከላው ተነሣ ወይ?»

«አልተነሣም፣ እማ። ትንሽ ታገሺ» ይላቸዋል፤ ሁሌም በዚያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ።

ዛሬ ግን ከግቢው ሳቅ ሰሙና መስኮቱን ገርበብ አደረጉ። ክልከላው ከታወጀ ጀምሮ ሰው በመስቀል የሚባረከው ከሩቅ ነበር። ኢዮስያስ ግን ያለ ማስክ ቆሞ የንስሐ አባታቸውን የቄስ አለኸኝን መስቀል በከንፈሩ ይሳለማል። ከኋላው ጎረቤቱ ሁሉ ተራ ይጠብቃል።

ይርገዱ ተቆጡ። የአብራኬ ክፋይ ያታልለኝ!

«እናትህስ?» አሉ ቄሱ።

«ክልከላው ከተነሣ ከረመ እኮ፣ አባ። ለምኜ ለምኜ ደከመኝ። ጨከነችብኝ። በሩን ባንኳኳሁ ቁጥር ‹አልወጣም፣ ተወኝ› ነው መልሷ።»

ይርገዱ እንዲህ ብለው አያውቁም። ልጃቸውን ሊጠሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ማለዳ ማለዳ የልጃቸው ድምፅ ከሚመጣበት ከዝግ በራቸው ጀርባ የራሳቸው ድምፅ ቀደማቸው።

«አልወጣም፣ ተወኝ።»

ኢዮስያስ አንገቱን ደፋ።

«ይኸው፣ አባ። ሰሙ አይደል?»