ቆሞ የተሰጠ ፍርድ

ስማቸው ሲጠራ ሴናተር ኢንግቫልድ የወተት ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ጉቦ በላ የተባለውን ዳኛ ከሹመቱ ለማንሳት በተሰየመው የሴኔቱ ችሎት እያንዳንዱ ሴናተር በተራው ተነስቶ «ጥፋተኛ» ወይም «ነፃ» ይላል። በችሎቱ ላይ ከውሃና ከወተት በቀር መጠጥ አይፈቀድም።

«ኧረ በዚህ በታመመ ጉልበትዎ! ተቀምጠው ይመልሱ» አለች አጠገባቸው የተቀመጠችው የተቃራኒው ፓርቲ ሴናተር፣ በሹክሹክታ። «ወተቱ ነው እንዲህ ያጀገነዎት?»

«ሰውየውን ለዳኝነት ያጨሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ደግ ሰው ነው ብዬ የመሰከርኩለት እዚችው ቦታ ቆሜ ነው።»

ጠረጴዛቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ቆሙ። ዳኛው ከተከሳሽ ወንበሩ ቀና ብሎ አያቸውና ፊቱ ፈካ።

«ጥፋተኛ» አሉ።

ከዚያ ተቀመጡና የቀረቻቸውን ወተት አጣጥመው ጨረሷት።