ተልተሌ ሠራተኛ አይበረክትባትም

በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች ተልተሌ ላይ ሥራቸውን ለቀቁ። መልቀቂያቸውን በፖስታ ላኩ እንጂ አንዳቸውም ነገሌ ተመልሰው አልታዩም።

የነገሌው አለቃ ተቆጣጣሪውን ሙሉነህን ጠሩት።

«ምክንያቱን አጣርተህ ና። አለዚያ አራተኛው አንተ ነህ።»

ተልተሌ መኖር ለሙሉነህ ከመቀበር አይሻልም።

ይህ ሰው ነገሌ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ያለ ሚስት ያለ ልጅ፣ በአንድ ኮት የሚኖር ነው። ተልተሌ ሲደርስ ግን ደጃዝማች ሆኖ ከመኪናው ወረደ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አይደል።

የጎሳው ሽማግሌ ጃልዴሳ ግራር ሥር ተቀበሉት።

«አካም ጌታው፤ ናጋ? ከብቱ ደህና? ልጆች ደህና?»

«ከብትም ልጅም የለኝም» አለ ተጸይፎ። «ይልቅ እዚህ ስንት ድሃ አለ?»

«ድሃ የለም። ከብቱ ያለቀበት ካለ ጎሳው ተሰብስቦ ላም ይሰጠዋል።»

ሙሉነህ «ውሸታሞች ናቸው» ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈ። ማንበብ አይችሉም ብሎ እፊታቸው ነው የጻፈው።

«ሠራተኞቼን ማን አባረራቸው?»

«ማንም።»

«ታዲያ የመጨረሻው፣ ቢረሳው፣ የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። ሦስቱም እዚሁ ናቸው።»

ገደሏቸው፣ አለ ሙሉነህ በልቡ፤ መልቀቂያውንም አስገድደው አስጽፈዋቸዋል።

ሽማግሌው ግን መጠየቃቸውን ቀጠሉ።

«ወንድም አለዎት?»

«የለኝም።»

«ቢሞቱ ማን ይቀብርዎታል?»

«መንግሥት» አለ ሙሉነህ።

ጃልዴሳ ተነሥተው ከወዲያ ወደተቀመጡት ሽማግሌዎች ሄዱ። ሁሉም እሱን እያዩ በኦሮምኛ ይመክሩ ጀመር። አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። ሌላው የኮቱን ክርን፣ የተቀደደውን፣ በበትሩ ጠቆመ። ሾፌሩ ዓብዱልወሃብ ሻይ ሊጠጣ ገበያ ገብቷል። ያ ሁሉ ኩራት የት እንደገባ እንጃ፤ ሙሉነህ ከዚህ ካወጣኸኝ ጃንጥላ አገባለሁ ብሎ ለገብርኤል ተሳለ።

ጃልዴሳ ተመልሰው መጡና ትከሻውን ያዙት።

«አይዞህ ልጄ። ጎሳው ድሃ መሆንህን አይቷል፤ ለቢረሳውና ለጓደኞቹ እንዳደረግነው፣ ላንተም አምስት ላም ወስነንልሃል።»