ያላየ ይመለሳል

«በቀኝ በኩል! ከዚያች ነጭ ወፍ ወዲያ ተመልከቱ!» ብላ አስጎብኚዋ በድምፅ ማጉያው ስትጮህ፣ የጀልባዋ ሰው ሁሉ ካሜራውን ይዞ ወደ ቀኝ ተጋፋ። ቶርጊልስም ልጁን ብድግ አድርጎ ከሰው ትከሻ በላይ አወጣት።

«አየሽ? አየሽ ሳልካ?»

«ምኑን?»

እሱም ምንም አላየም። ማዕበል ኖሯል። ሰዉ እያጉረመረመ ወደየቦታው ተመለሰ።

ቶርጊልስ የዚችው የወደብ ከተማ፣ የሁሳቪክ ልጅ ነው። እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ወገቡ የጎበጠ ሰው ነው፤ በቱሪስት ጀልባ ግን ወጥቶ አያውቅም። የአገሬው ሰው ዓሣ ነባሪ ለማየት ይሰለፋል እንዴ? ባሕሩ ደጁ አይደል! ዛሬ ግን ሲስቅበት የኖረውን ያንን የቱሪስቶች ቀይ ቱታ ለብሶ፣ ከጀርመኖች መሃል ቆሟል። ምን ያድርግ? ሳልካ ነገ ጠዋት ከእናቷ ጋር ዴንማርክ ልትሄድ ነው፤ ለመኖር። «ክረምት ክረምት እኔ ጋ ትመጣለች አይደል?» ብሎ እናቷን ቢጠይቃት፣ «እስቲ እናያለን» አለችው። «እስቲ እናያለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ቶርጊልስ አሳምሮ ያውቃል፤ ስድስት ዓመት አብሯት ኖሯላ! እናም ልጁ ሰው አገር ሆና እሱን እንዳትረሳው፣ አንድ ትልቅ ነገር አሳይቶ ሊሰዳት ፈለገ። ከዓሣ ነባሪ የሚበልጥ ትልቅ ነገር ከየት ያመጣል?

«አንቺ ልጅ፣ ይኼን ቱሪስት ከየት አገር አመጣሽው?» አለቻት ሄርዲስ፣ አስጎብኚዋ፣ ድምፅ ማጉያዋን አስቀምጣ ወደነሱ እየመጣች። የቶርጊልስ ጎረቤት ናት። «ቋንቋችንን ይሰማል ለመሆኑ?»

«ሂጂ ወዲያ! ይልቅ ዓሣ ነባሪሽን አምጪ።»

«በገመድ አስሬ ያስቀመጥኩት መሰለህ?» ሳቀችና ወደ ሳልካ ጎንበስ አለች። «አይዞሽ የኔ ቆንጆ። እኛ ጀልባ ላይ ሕጉ አንድ ነው። ዓሣ ነባሪ ያላየ ሰው በዚያው ቲኬት ተመልሶ ይመጣል።»

«ነገ ነው የሚመጣው?»

«ነገም፣ የዛሬ ዓመትም። ትዳር ይዘሽ ብትመጪም እናሳፍርሻለን!»

«ያየስ?»

«ያየማ ምን ቀረው? አየ፣ ሄደ!»

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ሌላ ሰው ሆነች። ለባሕሩ ጀርባዋን ሰጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ቶርጊልስ የቀረፋ ዳቦ አመጣላት፤ ቁራሽ ቀምሳ መለሰችለት። በረዶ የለበሱትን ተራሮች አሳያት፤ «እህ» አለች ጫማዋን እያየች።

«ተቀየምሽኝ እንዴ?»

«አልተቀየምኩም።»

«ታዲያ ባሕሩን እይ እንጂ፣ እናቴ።»

«አይቼዋለሁ።»

ይኸው፣ የመጨረሻዋን ቀን እንኳ አበላሸሁባት፣ ብሎ ራሱን ረገመ። ልጄ ገና ሳትሄድ ሄዳለች። «አትርሺኝ» ሊላት አፉን ከፈተ፤ ግን የኮፍያዋን ገመድ አጠበቀላት።

የሞተሩ ድምፅ ድንገት ጠፋ። ከዚያ ከጀልባዋ ጎን፣ በእጅ ሊነካ በሚችል ቅርበት፣ አንዳች ትልቅ ነገር «ፉህህ» ብሎ ተነፈሰ። እንደ ተገለበጠ ጀልባ ያለ ጥቁር ጀርባ ከውሃው ብቅ አለ፤ መጣ፣ መጣ፣ አላልቅ አለ። ቶርጊልስ ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ባሕር ዳር ኖሮ እንዲህ ቀርቦ አይቶ አያውቅም።

«ሳልካ! መጣልሽ! ሳልካ!»

ዞር ቢል፣ ልጅቷ ቆማለች፤ በሁለት እጆቿ ዓይኖቿን ግጥም አድርጋ ይዛ።

«እጅሽን አንሺ! ሊሄድ ነው እኮ!»

«አላይም!»

«ፈራሽ? እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

«አልፈራሁም!» አለች። «ካየሁማ አለቀ! ያላየ ነው የሚመለሰው፣ ሄርዲስ ራሷ ብላለች። ለእማዬ እነግራታለሁ። ገና አላየሁም፣ መመለስ አለብኝ እላታለሁ።»

ለካ ይኼን ስታወጣ ስታወርድ ነው እስካሁን!

«አባዬ» አለች፣ አሁን ቀስ ብላ። «አንተ አየኸው እንዴ?»

ምን ይበላት? ልጁን ዋሽቷት አያውቅም።

«ጀርባውን ብቻ» አለ። «ጅራቱን አላየሁም። ጅራቱን ያላየ ደግሞ አየሁ አይልም።»

«ታዲያ ጨፍን! ቶሎ በል፣ ጅራቱን እንዳታይ! አብረን ነው የምንመለሰው!»

ቶርጊልስ ጀልባዋ ወለል ላይ ተንበረከከ፤ ልጁን ወደ ደረቱ ጠጋ አድርጎ ዓይኖቹን ጨፈነ። አውሬው እንደገና ሲተነፍስ ካፊያው ፊታቸው ላይ ወረደባቸው፤ የከረመ ዓሣ ይሸታል።

«ኡፍፍ! አፉን አይታጠብም?» ብላ ሳልካ በሳቅ ፈረሰች። ያን ቀን ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ የሰዉ ጩኸት ጀልባዋን ሞላት። ካሜራዎቹ ተንጣጡ፤ አንዲት ሴትዮ በማያውቁት ቋንቋ ፈጣሪዋን ጠራች፤ ውሃው ጧ ብሎ ተከደነ።

«ሄደ፣ አባዬ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለ ቶርጊልስ። እንባው በተጨፈኑት ዓይኖቹ ስር ሾልኮ ጢሙ ውስጥ ይገባል። «ለማንኛውም ትንሽ እንቆይ።»