የዮናስ ቅል

የነነዌ ጾም ሦስተኛ ቀን ነው። ሰባኪው ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ፣ ጋሽ ደምሰው በያዙለት ባለ ጥልፍ ጥላ ሥር ሆኖ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማረ። የመርከቡንም የዓሣ አንበሪውንም ምሳሌ አንድ በአንድ ፈታልን። እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን እናዳምጣለን።

«ቅሉስ?» አለ ፈገግ ብሎ። «ቅሉ የራስ ምቾት ምሳሌ ነው። እግዚአብሔር ለዮናስ ጥላ እንዲሆነው ቅል አበቀለለት። ቅሉ ሲደርቅ ነቢዩ ተቆጣና ‹ከምኖር ብሞት ይሻለኛል› አለ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ያላዘነ ሰው ለቅል አዘነ። አይገርምም፣ ምእመናን?»

እኛም በዮናስ ሳቅን።

ከፊት የቆሙት እማማ ዘርፌ ግን አልሳቁም። ከማለዳ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም፤ ጉልበታቸው ከዳቸውና ወደቁ። ጋሽ ደምሰው ሁለት እርምጃ ተራምደው ጥላውን ለአሮጊቷ ያዙላቸው።

ሰባኪው ግንባሩን በነጠላው ጠረገ።

«ጋሼ፣ ጥላው ወዲህ።»

«ትንሽ ነፍስ ይዝሩ፣ መምህር።»

«ሌላ ሰው ያንሣቸው እንጂ። በዚህ ፀሐይ እንዲህ ከምቃጠል ብሞት ይሻለኛል።»

ድምፅ ማጉያው አልተዘጋም ነበር። ከኋላ የቆሙት አሮጊቷን አላዩም፤ ትምህርቱ የቀጠለ መስሏቸው በአንድ ድምፅ «አሜን» አሉ።